ሃያ ሰባተኛው መስመር

አልፊያን የቀጠርናት ነገር ማበላሸት ስለምትችል ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ጋሽ መሸሻ ቤቴል ባለው ቢሯችን ደረጃ ላይ በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ማስታወቂያ «ፕሮግራም ሆን ብሎ መጣል የሚችል ሰው እንፈልጋለን፤ ልምድ አይጠየቅም» ይል ነበር። ከኛ በታች ያለው የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ጠባቂዎች ጉንጫቸውን ይዘው እያነበቡ ሲስቁበት ሰንብተዋል። በሦስተኛው ቀን አንዲት ረዘም ቀጠን ያለች፣ ሂጃቧን በጥንቃቄ ያሰረች ልጅ ወረቀቱን ገንጥላ ይዛ ገባችና «ማበላሸት ከሆነስ ከኔ የሚበልጥ አታገኙም» አለች። ፈገግ እንኳ አላለችም። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥቂት አዩዋትና «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሪ» አሏት።

ያኔ ልብ ብል ኖሮ «ማነው እንደዚህ ያለሽ?» ብዬ እጠይቃት ነበር። ሰው ከመሬት ተነስቶ ራሱን አበላሺ ነኝ አይልም። ግን ማን ልብ ይላል? ሥራ ፈላጊ ሲጨንቀው ይቀልዳል ብዬ አለፍኩት።

እኔ መሲ እባላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮዬን ሲጨርሰው ነው ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነበር። ጋሽ መሸሻም የፈለጉት አማርኛዬን እንጂ ሌላ እውቀቴን አይደለም። እሳቸው ሠላሳ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኩዮቻቸው ጋዜጣ ይዘው ፀሐይ ሲሞቁ እሳቸው ከረባታቸውን አስረው ዲባገር መሥራት ጀመሩ። ዲባገር ማለት ሌላ ፕሮግራም ሲወድቅ የትኛው መስመር ላይ፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ የሚናገር ፕሮግራም ነው። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት። የጋሽ መሸሻ ግን ለጀማሪ ተማሪ ተብሎ በአማርኛ የሚናገር ነው። ስሙንም «አፋላጊ» አሉት። አፋላጊ የሚናገረውን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ይህ ታሪክ እኔንም የሚነካኝ።

አልፊያ ኮልፌ ነው ተወልዳ ያደገችው። አባቷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ሞተዋል። እናቷ እማማ ሸምሲያ የፕላስቲክ እቃ ይሸጣሉ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ በርጩማ። ከኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ዓመት ከሳቸው ጋር ሱቅ ውስጥ ውላለች። ከዚያ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ስንጠይቃት «ምንም» ትላለች። ኮድ መጻፍ የት እንደተማረች ስንጠይቃት ደግሞ «ከስልክ ላይ፣ ከዚህም ከዚያም» ብላ ወሬ ትቀይራለች። እኔ ደግሞ ወሬ የሚቀይር ሰው አልወድም። አስተማሪነት ለካ ጡረታ የለውም፤ የተደበቀ ነገር ሲሸተኝ ደብተር ካላስገለጥኩ አይሆንልኝም። እሷን ግን ማስገለጥ አልቻልኩም።

ሥራዋን ላስረዳ። ፕሮግራም ውስጥ ሁሉ ነገር በአድራሻ ነው የሚገኘው። ፖይንተር ማለት አድራሻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው በሉት። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ካለ፣ ማንም የሚኖርበት ቤት የለም ማለት ነው፤ ነል ፖይንተር የሚሉት እሱን ነው። እኛ ሰፈር መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥሩ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ሞልቷል፣ ዜሮ የተባለ ግን አላየሁም። ፕሮግራም ያንን ወረቀት ይዞ ወደ ዜሮ ሲሄድ ኮምፒውተሩ እዚያው ይገድለዋል። ጀማሪ ተማሪን እንደዚህ የሚያስለቅስ ነገር የለም። የአልፊያ ሥራ ታዲያ ሆን ብለው ወደ ዜሮ የሚሄዱ ትንንሽ ፕሮግራሞች እየጻፉ መግደልና፣ አፋላጊ አሟሟታቸውን በትክክል ይናገር እንደሆነ መፈተን ነበር። እያንዳንዷን ፈተና ቁጥር ሰጥታ በደብተር ትመዘግባለች። ፕሮግራሙ እንዳሰበችው ሲወድቅላት ደግሞ «ሞተልኝ!» ብላ ትጮሃለች። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ድምጿ ታች ድረስ ይሰማል። የክሊኒኩ ነርስ አንድ ቀን መጥታ «እባካችሁ በሽተኛ እየሸሸብን ነው» ብላናለች።

ጎበዝ ነበረች። እኔ ባላውቅበትም ጋሽ መሸሻ ፊታቸው ላይ ይታወቅ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ፈተና ጽፋ፣ ሠላሳውንም አፋላጊ አለፈ። ያለፈው ዝም ብሎ አይደለም፤ ዘጠኝ ጊዜ ወድቆ፣ ዘጠኝ ጊዜ ጋሽ መሸሻ አርመውት ነው። በዚህ መሃል ትልቅ ነገር መጣ። አንድ ኮሌጅ አፋላጊን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ በሙሉ ለማስተማሪያነት ሊወስደው ፈለገና፣ ሐሙስ ጠዋት መጥታችሁ አሳዩን አለ። አራት መቶ ተማሪ! ጋሽ መሸሻ ዜናውን የነገሩን ከረባታቸውን ሁለት ጊዜ አስተካክለው ነው። የስድስት ዓመት ልፋታቸው ነበር።

ስለ ጋሽ መሸሻ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እወዳቸዋለሁና በሐሜት አትቁጠሩብኝ። «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ካፋቸው አትወጣም። አንድ ቀን አየር ጤና ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሰው ክሊኒክ ጠየቃቸው። የክሊኒኩን ስም ሰምተውት እንደማያውቁ አጠገባቸው ቆሜ አውቃለሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው «በዚህ ቀጥ ብለህ ሂድና፣ መታጠፊያው ላይ ጠይቅ» አሉት። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። «ጋሼ፣ ያውቁታል እንዴ?» ስላቸው «ታዲያ ሰውን ባዶ እጁን ልመልሰው?» አሉኝ። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን። መንገድ የጠየቀንን ሰው አላውቅም ብሎ ከማሳፈር አንድ አቅጣጫ ሰጥቶ መሸኘት ደግነት ይመስለናል። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ሲዞር እንደሚውል አይታየንም፤ እኛ ታክሲያችን መጥቶ ሄደናላ።

ሰኞ ጠዋት አልፊያ ሠላሳ አንደኛውን ፈተና ጻፈች። ወደ ዜሮ መሄጃው መንገድ ሦስት ነው። አንዱ ዜሮ ላይ ያለውን ለማንበብ መሞከር፣ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ለመጻፍ መሞከር ነው። በሁለቱም ፕሮግራሙ የሚሞተው ሥራውን ሲሠራ በነበረበት መስመር ላይ ስለሆነ አፋላጊ አይቸገርም። ሦስተኛው ይለያል። ፕሮግራሙ «ቀጣዩ ሥራህ እዚህ አድራሻ ላይ ነው» ተብሎ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ ላይ ዜሮ አለ፣ እሱም ሳያገላብጥ ራሱ ተነስቶ ወደ ዜሮ ይሄዳል። እንግዲህ ሟቹ በየትኛውም መስመር ላይ የለም። አፋላጊ «የት ነህ?» ሲለው መልሱ «ዜሮ» ነው። ይህን ፈተና ስታስኬደው «ሞተልኝ!» አላለችም። ቀና ብዬ አየኋት። ስክሪኑ ላይ እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ወጥቷል፦ «ጥፋቱ ያለው 12ኛው መስመር ላይ ነው። እባክዎ መስመሩን ደጋግመው ይመልከቱ።»

«ምነው?» አልኳት።

«አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ምንም ጥፋት የለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የት እንዳጠፋሁ አውቃለሁ። ጥፋቱ ሃያ አንድ ላይ ነው።»

ያን ቀን ምሳዋንም አልበላችም። በማግስቱ ማክሰኞ ስትመጣ የዛገች ፍላሽ ይዛ መጣች። ሰካችውና አንድ አሮጌ ፕሮግራም ከፈተች። የሱቅ እቃ መፈለጊያ ነው፤ አንድን ስትጫኑ ባልዲ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል፣ ሁለት ሳፋ፣ ሦስት ጆግ፣ አራት በርጩማ፣ አምስት ፔርሙዝ። አምስትን ተጫነች። ፕሮግራሙ ወደቀ። አፋላጊም በኔ አማርኛ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ «ጥፋቱ ያለው 27ኛው መስመር ላይ ነው» አለ።

አልፊያ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች መለየት አቃተኝ። ወንበሬን ወደሷ ሳብኩና «በይ አሁን ደብተርሽን ግለጪ» አልኳት። ገለጠችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ጋሽ መሸሻ ኮልፌ ወጣት ማእከል አዳራሽ ውስጥ ለሰፈሩ ወጣቶች የሁለት ወር ነጻ ሥልጠና ሰጥተው ነበር። እኔ ያኔ መልእክቶቹን ጽፌ አስረክቤ ገና ትምህርት ቤት ነበርኩ። አፋላጊ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ የተሞከረው እዚያ ነው። ስልሳ ተመዝግበው ሃያ ሁለቱ ጨረሱ፤ አልፊያ ካልጨረሱት አንዷ ናት። ለማጠቃለያ ይሆነኛል ብላ ለእናቷ ሱቅ ይህን እቃ መፈለጊያ ጻፈች። ፔርሙዝ ላይ ወደቀባት። አፋላጊ ሃያ ሰባተኛው መስመር ነው አላት። ሃያ ሰባተኛውን መስመር ጻፈችው፣ ሰረዘችው፣ ገልብጣ ጻፈችው፣ ከጓደኛዋ ቀዳችው። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ። መስመሩ መጀመሪያውኑ ልክ ነበር። ስሕተትማ ነበራት፣ አርባ አንደኛው መስመር ላይ። የፔርሙዙን አድራሻ መሙላት ረስታ፣ ፕሮግራሙን ዜሮ የተጻፈበት ወረቀት አስይዛ ልካዋለች። ቦታውን ያየ ሰው በአምስት ደቂቃ ያርመዋል።

«ጋሽ መሸሻን አልጠየቅሻቸውም?» አልኳት።

«ጠይቄያቸዋለሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ ሁሉም ይጠራቸዋል። መጥተው በትከሻዬ አሻግረው አዩና፣ 'አፋላጊ ሃያ ሰባት ካለ ሃያ ሰባት ነው፤ አይዞሽ፣ ደጋግመሽ እይው' አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማንን ልጠይቅ? አፋላጊ አውቆታል፣ ጋሼ አይተውታል፣ የማይታየኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

ጥላ ወጣች። እናቷ ስታለቅስ አግኝተዋት «ተይው ልጄ፣ ሁሉም ሰው ለቀለም አልተፈጠረም። ያንቺ ሪዝቅ፣ እንጀራሽ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው» አሏት። በፍቅር ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስልክ ሲበላሽ እንኳ «ለአልፊያ አትስጧት፣ እሷ የነካችው ይሞታል» ተብሎ ይሳቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሁለት ዓመት ሳፋና ባልዲ እየደረደረች ቆየች። ማስታወቂያችንን ስታይ «ከሞተማ ይሙት፣ ሥራዬ እሱ ነው» ብላ መጣች። ጋሽ መሸሻ አላወቋትም፤ ከስልሳ ሰው መሃል፣ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችን ልጅ እንዴት ያውቋታል? እሷም አፍራ አልነገረቻቸውም።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ማን ላይ እንደፈላ ግን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። «ጥፋቱ ያለው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ምናልባት» የምትል ቃል እዚያ ላይ ብትገባ አንድ ልጅ ትተርፍ ነበር። ተማሪዎቼን «አታመንቱ፣ ዓረፍተ ነገራችሁ ይጽና!» እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አሁኑኑ ንገሪያቸው» አልኳት።

«ሐሙስ እኮ ነው መሲዬ። ስድስት ዓመት የለፉበት ነው። እንዴት ብዬ ከፊታቸው ቆሜ ልበላቸው?» ይሉኝታ ያዛት። ደብተሯን ሳየው ሠላሳ አንደኛው ፈተና ፊት ለፊት «ትንሽ ይቀረዋል» ብላ ጽፋለች። ትንሽ!

«አራት መቶ ተማሪ ነው የሚጠብቀው» አልኳት። «ስንቱ ነው ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ የሚቀመጠው?»

ይህን ስላት ተነሳች። ጋሽ መሸሻ ጠረጴዛቸው ላይ የሐሙሱን ንግግር እየጻፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ሠላሳ አንደኛው ፈተና ላይ አፋላጊ ይዋሻል።»

«ይዋሻል አይባልም ልጄ፣ ይገምታል» አሉ ቀና ሳይሉ። «መስመሩ ሲጠፋው ፕሮግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ በርግጠኝነት ያየበትን መስመር ይጠቁማል። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው።»

«ከገመተ ታዲያ 'እገምታለሁ' ይበል። ካላወቀም አላውቅም ይበል።»

አሁን ቀና አሉ። «ጀማሪ ተማሪ ፕሮግራሙ ወድቆበት፣ ደንግጦ፣ ሊረዳው የመጣው ዲባገር 'አላውቅም' ሲለው ምን ይሰማዋል? ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ይህን ነገር የሠራሁት ልጆች ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ አሥራ ሰባት ቀን ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ተቀምጫለሁ» አለች። «ወጣት ማእከል፣ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ። መስመሩ ልክ ነበር። ጠርቼዎት መጥተው አይተውታል።»

ጋሽ መሸሻ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምን አልኩሽ?»

«አይዞሽ፣ ደጋግመሽ እይው አሉኝ።»

ፍላሿን ወስደው ፕሮግራሙን ራሳቸው ከፈቱት፣ አምስትን ተጫኑ፣ አፋላጊ ያለውን አነበቡ፣ አርባ አንደኛውን መስመርም አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ ኮምፒውተራቸውን እንኳ አልዘጉም።

ረቡዕ አልመጡም። ስልካቸውም ዝግ ነው። አልፊያ ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ስታይ ዋለች። «ሥራዬ ይቅር» አለችኝ ወደ ማታ ላይ፣ «ከሱቁ የሚያወጣኝ ሰው አግኝቼ ነበር፤ እሳቸውን ነው ያጣሁት።» ያኔ ከልቤ ተቀይሜያቸው እንደነበር አልደብቅም። ሽማግሌ ሲኮራ ደስ አይልም ብዬ ለብቻዬ አጉረመረምኩ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ቢሮው ተከፍቷል። ጋሽ መሸሻ ያለ ከረባት ተቀምጠዋል። «ኮሌጁን ሦስት ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው» አሉን አልፊያም እንደገባች። «ምክንያቱን ሲጠይቁኝ፣ መሣሪያዬ የማያውቀውን የሚያውቅ ይመስለዋል፣ ሠሪው እኔ ነኝና ከኔ ወርሶት ነው አልኳቸው። ፈቀዱልን። ነይ አልፊያ፣ ተቀመጪ። አንቺ ምሪኝ።»

መራቻቸው። ወደ ዜሮ የሄደው ፕሮግራም የት እንዳለ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ግን ከመሄዱ በፊት ሥራውን ሲጨርስ የሚመለስበትን አድራሻ ከኋላው ጥሎ ነው የሚሄደው። እሱን ማንሳት ነው። ለካ «የት ነህ?» ሳይሆን «ከየት መጣህ?» ነበር ጥያቄው። ዓርብ ከሰዓት ላይ አምስትን ስትጫን አፋላጊ አርባ አንድ አለ። «ሞተልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ታች ያለችው ነርስ ግድግዳውን ደበደበች። አንዳንዴ ያ የመመለሻ አድራሻም አብሮ ይበላሻል። ለሱ ደግሞ ጋሽ መሸሻ አዲስ መልእክት እንድጽፍ አዘዙኝ። ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ አልናገርም። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ፕሮግራምዎ የወደቀበትን መስመር አላወቅኩትም። ጥፋቱ አሁን የሚያዩት መስመር ላይ ላይሆን ይችላል። አብረን እንፈልግ።» ጋሽ መሸሻ ሦስት ጊዜ አነበቡትና «ይህቺ ናት» አሉ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ደወሉልኝና «ነገ አራት ሰዓት አሥራ ስምንት ማዞሪያ እንገናኝ፣ ደህና ልብስ ልበሺ፣ ለአልፊያ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። ስደርስ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። አንዱ የእድራቸው ሰብሳቢ አቶ ገብረአምላክ ናቸው። ሌላው ሀጂ ሽኩር፣ የአልፊያን አባት የሚያውቁ ጎረቤት። «አንቺም ቃሉን የጻፍሽ ነሽና መቆም አለብሽ» አሉኝ ጋሽ መሸሻ። ያኔ ገባኝ።

«ቤቶች!» አሉ ሀጂ ሽኩር እነአልፊያ በር ላይ ስንደርስ። እማማ ሸምሲያ በሩን ከፍተው ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ሲያዩ ክው አሉ። እሁድ ጠዋት፣ ሽማግሌ፣ ሴት ልጅ ያለበት ቤት። እኔ ብሆንም ሌላ አልጠረጥርም። «ግቡ፣ ግቡ» ብለውን እሳቸው ወደ ጓዳ ሮጡ። ግድግዳው ስስ ስለነበር ሁሉን ሰማን።

«ማነው የላከው? እኔን እናትሽን ሳትነግሪኝ!»

«ወላሂ ማንም የለም እማዬ!»

«ታዲያ በራቸው መሰላቸውና ገቡ? ይህን ልብስ ቀይሪ!»

አልፊያ ልብስ ስታጥብ ነበር መሰለኝ፣ እጇ እንደረጠበ ወጣች። እኛን ስታይ አፏ ተከፍቶ ቀረ። እማማ ሸምሲያ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርገው መጥተው «ኧረ ተቀመጡ» አሉ።

«የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ ገብረአምላክ። «እናንተ ግን ተቀመጡ።» እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እማማ ሸምሲያ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ። «ልጄ ገና ናት፣ ሥራም የጀመረችው በቅርቡ ነው…» ብለው ጀመሩ።

«ሸምሲያ፣ ረጋ በይ» አሉ ሀጂ ሽኩር። «ልጅ ልንጠይቅ አይደለም። ይቅርታ ልንጠይቅ ነው።»

ጋሽ መሸሻ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ኮምፒውተር ለማያውቁ እናት፣ አንድም የፈረንጅ ቃል ሳይጨምሩ ነገሩን አስረዱ። ልጅዎ ትምህርት ጀምራ ነበር አሉ። አንድ ቦታ መንገድ ጠፋትና ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት ግን አልፈለግኩም። ወደተሳሳተ ቦታ ጠቆምኳት። እዚያ ቦታ ላይ ስትፈልግ ቆይታ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ሄደች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ የኔ ነበር። ሁለት ዓመቷን ወስጃለሁና መመለስ አልችልም፣ ይቅር እንድትለኝ ልለምን መጣሁ። ይህን ብለው አንገታቸውን ደፉ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። እኔም «ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ፤ እንባዬ እየወረደ ነበር።

እማማ ሸምሲያ «ማለት ልጄ ትችል ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ትችል ነበር» አሉ ጋሽ መሸሻ። «አሁን እኔን የምታስተምረኝ እሷ ናት።»

እማማ ሸምሲያ አልፊያን አዩዋት። አልፊያ እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። እናትየው ከሶፋው ተነሱ፣ ምንጣፉን አቋርጠው መጡና በኔና በጋሽ መሸሻ መካከል ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው ቆሙ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ተቀመጪ እንጂ!»

«ለቀለም አልተፈጠርሽም ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «እነሱ መስመር ነው የሳቱት። እኔ ልጄን ነው የሳትኩት። ሳትመልሺልኝ አልቀመጥም።»

አልፊያ ተነስታ አምስታችንንም አየችን። «አፉ ብያለሁ» አለች። «ሁላችሁንም አፉ ብያለሁ፤ በአላህ ተቀመጡልኝ።»

እኛ ተቀመጥን። እማማ ሸምሲያ ግን ልጃቸውን አቅፈው እንደቆሙ ቀሩ።